እንግዳዋ መሪና የሰኞው መምህር

በዚህ መጽሔት ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስና ስለ ፍቅር በበቂ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ቪዮላ ነው። ቪዮላ ምንድን ነው ለሚለኝ አንባቢ (ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰዎች ጠይቀውኛል)፥ ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ፥ ድምፁም ጥቂት ወፈር ያለ፥ ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ተሰጥቶ እርሱ ከመካከል ሁኖ የሚደግፍ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በአሜሪካን አገር በሰሜን ቨርጂንያ ስማር ትምህርት ቤቱ ያዋሰኝ እርሱን ነበር። ቫዮሊኖቹ አልቀው ነበርና።

አባቴ ይኸን በሰማ ጊዜ «ባሕር ተሻግረን የመጣነው አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በክፋት አልተናገረውም። እርሱ በተወለደበት አገር መሰንቆ የያዘ ሰው በሠርግ ላይ ይወደዳል፤ ልጅ ግን አይዳርለትም።

በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በወረዳ በወረዳ ሁነው ነው። በብዙ ወረዳዎችም ዘንድ በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ያቆማሉ። ከሌላ ቦታ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፥ እንግዳ መሪ ይጋበዛል፤ ኖታውም አስቀድሞ ለየተማሪው ይታደላል። በእኛ ወረዳ ዓርብ ከቀትር በኋላና ቅዳሜ ልምምድ ተደርጎ፥ ቅዳሜ ወደ ማታ ወላጆች በተሰበሰቡበት ይጫወቱታል። እሑድ ኦርኬስትራው የለም።

ምርጫው ራሱ የሚነገርለት ነው። ዳኞቹ ከመጋረጃ ወዲያ ይቀመጣሉ። ተፈታኙ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ መናገርም ክልክል ነው። ስኬሉን፥ ያጠናውን ቁራጭና እዚያው የሚሰጠውን ያልታየ ኖታ ተጫውቶ ይወጣል። በዚያ አገር በቆየሁበት ዘመን ስሜን አቃንቶ የጠራ መምህር ጥቂት ስለ ነበረ፥ እውነቱን ለመናገር «14 ቁጥር» መባል እንደ ማዕረግ ነበር የተሰማኝ። መልኬም አነጋገሬም ከመጋረጃው ወዲህ ቀሩ፤ የተሻገረው ድምፁ ብቻ ነው። በቪዮላዎቹ መካከል 9ኛው ወንበር ደረሰኝ። ስለ ፍትሕ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ከዚያ ወዲህ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ መጋረጃ ያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

እንግዳችን አጠር ያለች፥ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ የምትመራ ሴት ነበረች። አንዳችንንም አታውቅም። ከተሰጡን ሥራዎች አንዱ ጉስታቭ ሆልስት የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ፥ ያስተምርበት ለነበረው ለለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የጻፈው «የቅዱስ ጳውሎስ ስዊት» ነው። ሆልስት ለተማሪዎች ነው ብሎ አላቀለለውም። በመጨረሻው ክፍል አንዲት አጭር የጭፈራ ዜማ ያለ ዕረፍት እንደ ወፍጮ ትዞራለች፤ በመካከሉ ቼሎዎች «ግሪንስሊቭስ» የሚባለውን የቆየ የእንግሊዝ ዜማ ያመጡና ከላይዋ ይዘረጉባታል። ፈጣኑ በፍጥነቱ፥ ዝግተኛውም በዝግታው፥ ሳይጠባበቁ ሳይጣሉ አብረው መጓዝ አለባቸው።

ዓርብ ማታ አልሄደልንም። ቫዮሊኖች ሮጡ፤ ቼሎዎች ወደ ኋላ ቀሩ፤ እኛ ቪዮላዎች ከማን ጋር እንደምንታረቅ ጠፋን። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ዘንጓን አስቀምጣ ከመድረኩ ወረደችና በአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያም ሁና «እኔ የለሁም፤ ጀምሩ» አለች።

መጀመሪያ ሳቅን። ጀመርን፤ ፈረሰ። ደግመን ጀመርን፤ ፈረሰ። በሦስተኛው ላይ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አንገቷን ወደ ቼሎዎቹ ስታዞር አየሁና እኔም አዞርሁ። የቼሎዎቹን ትንፋሽ እስከ መስማት ደረስን። ዐይን የሚሰቀልበት ዘንግ ሲጠፋ ጆሮ ሥራ ይጀምራል መሰለኝ፤ በአራተኛው እስከ መጨረሻው ዘለቅን። ሴትዮዋ ከወንበሯ ሳትነሣ «እንግዲህ ነገ እኔም ልግባበት» አለች።

ስለ ኮንሰርቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነበር። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ለእንግዳዋ እቅፍ አበባ ተሰጣት። አባቴ ከሥራ በቀጥታ፥ ያውም የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ መጥቶ ነበርና በስተኋላ ቆሞ አገኘሁት። አዝማሪነት አላነሣም። «ይች ሴትዮ በሁለት ቀን ነው ይኸን ሁሉ ያስተማረቻችሁ?» አለኝ።

ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ዐይኔ ወደ መድረኩ ሄደ። እዚያ የየትምህርት ቤታችን መምህራን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ያጥፋሉ፥ የኖታ ማስቀመጫ ይሰበስባሉ። የእኛም መምህር ከመካከላቸው ነበር። ይህ ሰው ደጋን አያያዝ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አሳይቶኛል። የአርባ ልጅ መሣሪያ በየጠዋቱ ይቃኛል፤ የተበጠሰ ክር ይቀጥላል፤ የላላ መቃኛ በጠመኔ አሽቶ ያጠብቃል። «ትከሻ» የምትል አንዲት ቃል አለችው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳላት እግዜር ይወቀው። ከየትምህርት ቤቱ የመጣን፥ ተያይተን የማናውቅ መቶ ልጆች በአንድ ማታ ደጋናችንን አንድ ላይ ልንስብ የቻልነው፥ በየቦታው አንድ አንድ ሰው ይህችኑ አሰልቺ ቃል ለዓመታት ሲደጋግማት ስለ ኖረ ነው።

ይኸን የምለው እንግዳዋን ለማሳነስ አይደለም። የቤት መምህር ያውቅሃል፤ ድካምህ ያለው በዚያ ነው። የእኛው መምህር ከመድረክ ወርዶ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ሊል እንደ ፈለገ ሁላችንም እናውቅበት ስለ ነበር ጆሯችን አይከፈትም ነበር። እንግዳ ግን ትናንትህን ስለማያውቅ ዛሬ ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለህ። ዳሩ ግን የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ሰኞ የማይኖር በመሆኑ ነው። ይህም አይካድ።

እንዲህ ያለው ስብሰባ በአሜሪካን አገር የቆየ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማዲ የተባለ የሙዚቃ መምህር ከ200 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ግዛት አሰባስቦ ዲትሮይት ከተማ ላይ በሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ፊት አጫወታቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም በሚቺጋን ጫካ ውስጥ በኢንተርሎከን የክረምት ካምፕ ተከፈተላቸው። እነዚያ ልጆች ግን ዲትሮይት ሲደርሱ መጫወት ይችሉ ነበር፤ ያስቻላቸው ሌላ ሰው ነው። የዚህ ሌላ ሰው ደመወዝ ደግሞ በብዙ ቦታ ከቤትና ከመሬት ግብር የሚወጣ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የካሊፎርንያ ሕዝብ ይኸን ግብር የሚገድብ ሕግ በድምፁ ሲያጸድቅ፥ በብዙ ወረዳዎች ቀድመው ከተነኩት መካከል የሙዚቃ መምህራን ነበሩ። እንግዳ መጋበዝ ርካሽ ነው። የሚከብደው ሰኞን መክፈል ነው።

የራሳችንም ቤት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ይኸው ዩኒቨርሲቲያችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረበት ጊዜ፥ ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ እዚህ ሲያስተምር በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። መሰንቆ፥ ክራር፥ ዋሽንት፥ በገና፥ ከበሮ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፥ አብረው ተጫውተው የማያውቁ ባለ ሙያዎች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ትልቅ ሥራ ነው፤ እንግዳ ባይሆን ኖሮ ያን ለማሰብ አይደፍርም ነበር እላለሁ። በተከታዩ ዓመት ግን ሄደ። ከ1966 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራውን የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ማለት ስንት ሰኞ እንደ ሆነ የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ያስሉልን። እኛ ዛሬ ከውጭ እንግዳ ለሦስት ቀን መጥቶ የምስክር ወረቀት ሲያድል አዳራሹን እንሞላለን፤ የክራሩ ክለብ ግን ረቡዕ ማታ አምስት ሰው አያገኝም። እኔ ከአምስቱ አንዷ ነኝና በግምት አልናገርም።

ወደ ቨርጂንያ ልመለስና ልጨርስ። ከኮንሰርቱ በኋላ ሰኞ ጠዋት መምህራችን ወደ በዓሉ የሄድነውን ሦስት ልጆች ከክፍል በፊት ጠራን። በእጁ የሆልስት ኖታና እርሳስ ነበረ። «ዓርብ ማታ በር ላይ ሁኜ ሳዳምጥ ነበር፤ ከራቀችበት ሁና ምን ምን አለቻችሁ?» ሲል ጠየቀን። የምናስታውሰውን እየተሻማን ነገርነው፤ እርሱም አንዱንም ሳያልፍ በኖታው ጠርዝ ላይ ጻፈው። ከዚያም ደወሉ ተደወለ፤ ኖታውን ዘጋና «ትከሻ» አለኝ።