ባልና ሚስት በአንድ ገመድ፦ የካሊምኖስ ጉዞ

ለመጪው ዕረፍታችሁ ከሆቴልና ከገበያ የተለየ ነገር እያሰባችሁ ከሆነ፣ በተለይም ኑሯችሁ አውሮፓ ከሆነ፣ ካሊምኖስ የምትባለውን የግሪክ ደሴት በካርታ ላይ ፈልጉ። የሐዋርያት ሥራ 21፥1ን ላነበበ ሰው አካባቢው እንግዳ አይሆንበትም፤ ጳውሎስ በመርከብ የደረሰባት ቆስ ጎረቤቷ ናት። ዮሐንስ የነበረባት ፍጥሞም ከእነዚሁ ደሴቶች መካከል፣ ወደ ሰሜን ትገኛለች።

ካሊምኖስ ደረቅ ናት። ከባሕሩ ዳር ሽቅብ የቆመ ግራጫና ብርቱካንማ የኖራ ድንጋይ ነው የሚታየው። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን እንጀራውን ያገኘው ከባሕር ወለል ስፖንጅ እየለቀመ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የጠላቂ ልብስ ሲመጣ ሰዎቹ ይበልጥ ጠልቀው ብዙ መቆየት ቻሉ፤ ነገር ግን ፈጥነው ወደ ላይ ሲመለሱ ሰውነታቸው ውስጥ በሚፈጠረው የአየር አረፋ ብዙዎች ሞቱ፣ ብዙዎችም ሽባ ሆኑ። በደሴቷ ባህላዊ ውዝዋዜ ላይ መሪው እግሩ እየተንቀጠቀጠ የእነዚያን ሰዎች ሥቃይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ደግሞ በሜድትራንያን ባሕር ስፖንጁን በሽታ ፈጀው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድሬያ ዲ ባሪ የተባለ ጣሊያናዊ አለት ወጪ ለዕረፍት መጥቶ ገደሉን አየና ተመልሶ የመጀመሪያዎቹን የመውጫ መስመሮች ከፈተ። ዛሬ መስመሮቹ ከ3,000 በላይ ናቸው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ገደል ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በመስመሮቹ ላይ የብረት መያዣ በድንጋዩ ውስጥ ተተክሏል፤ ወጪው እያለፈ ገመዱን ያያይዝበታል። የገመዱን ሌላ ጫፍ በወገቡ ባለው መሣሪያ የሚቆጣጠረው ግን ከታች የቆመው ሰው ነው። እርሱ ወይም እርሷ ሐሳባቸው ከሄደ፣ ወይም በልባቸው ቂም ይዘው ከቆሙ፣ ከላይ ያለው ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። «እርሱ ስለወደደው ነው» ብላ የምትሄድ ሚስት ወይም «ላስደስታት» ብሎ ብቻ የሚከተል ባል ገመድ ባይዝ ይሻላል። ከሁለት አንዳችሁ የምትፈሩ ከሆነ ፍርሃቱን እንደ እምነት ማነስ አትቁጠሩት። በምትኖሩበት ከተማ በአዳራሽ ውስጥ በተሠራ የመውጫ ግድግዳ ላይ ለጥቂት ወራት አብራችሁ ተለማመዱ፤ ከዚያ በኋላም ልባችሁ ካልፈቀደ ባሕሩ ራሱ ጥሩ ዕረፍት ነው።

በሠርግ ስብከት ላይ ከመክብብ 4 ስለ ገመድ ያልሰማ ባለትዳር ያለ አይመስለኝም። አለት ወጪዎች ግን ገመዱን ማመን ብቻ አይበቃቸውም። ሃያ ዓመት አብረው የወጡ ሰዎች እንኳ ከመሬት ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮና መታጠቂያ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ያረጋግጣል። ማንም «አላመንኸኝም» ብሎ አይቆጣም። የገመዱንም ርዝመት አስሉ፤ 35 ሜትር ወጥቶ ለመውረድ 70 ሜትር ያስፈልጋል። ገመዱ ቢያጥርና ጫፉ ባይቋጠር ከመሣሪያው ሾልኮ ይወጣል፣ ሰውም ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጫፉን ቋጥሩ፣ የራስ መከላከያ ቆብም አድርጉ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አስተማሪ ቅጠሩ፤ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልመክርም። ጀማሪዎች በፈረንሳዩ የክብደት መለኪያ 4 እና 5 የተሰጣቸውን መስመሮች ይምረጡ።

ጊዜው ጸደይ ወይም መኸር ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ድንጋዩ ይግላል። በጥቅምት ግን ባሕሩ ገና ለዋና ይሞቃል። ከማሱሪ መንደር በላይ ያለው ገደል አብዛኛው ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት እስከ ቀትር ጥላ ነው፤ ማልዳችሁ ጸልያችሁ ብትወጡ ከሰዓት በኋላ ትዋኛላችሁ። የጣት ቆዳ ስለሚላጥ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ ግድ ነው። እሑድን ለዚህ ብታደርጉትና ቃሉን አብራችሁ ብታነቡ መልካም ነው። ወደ ፍጥሞ መሻገር ለምትፈልጉም ሌላ ተጨማሪ ቀን መድቡ።

የጉዞ ዋስትናችሁ አለት መውጣትን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይጨምሩም። ብዙ ሰው በአውሮፕላን ቆስ ይደርስና ከማስቲሃሪ ወደብ በጀልባ ወደ ካሊምኖስ ይሻገራል። አውሮፕላናችሁ ማታ የሚያርፍ ከሆነ የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ።