የአዲስ መኪና ሽታ

አዲስ መኪና ውስጥ ሲገቡ የሚቀበልዎትን ሽታ ያውቁታል? እኔ እንደ ሽቶ እወደው ነበር። የወንበሩ ላስቲክ ያልተገፈፈ እንደሆነማ፣ ባለመኪናው እኔ የሆንኩ ያህል ደረቴን ነፋ አድርጌ እቀመጥ ነበር። ይህን ፍቅር ያስተወኝ ገዋኔ ላይ የተቆጣኝ አንድ ሾፌር ነው።

ለሥራ ወደ ሰመራ ተመድቤ ከባለቤቴና ከሦስት ዓመት ልጄ ጋር በኮንትራት መኪና ስንጓዝ፣ ለምሳ ገዋኔ ላይ ቆምን። የአፋርን ሐሩር ያየ ያውቀዋል፤ የአየሉ ተራራ እንኳ በወበቁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ልጄን እንቅልፍ ስለጣላት፣ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመው መኪና ላስተኛት በሩን ብከፍት፣ ያ የምወደው ሽታ እንደ እቶን ወላፈን ፊቴን መታኝ። ሸምገል ያሉት ሾፌራችን ከኋላዬ ደርሰው፣ «ቆይ ልጄ! መጀመሪያ መኪናው ይተንፍስ!» አሉና መኪናውን ወደ ዛፍ ጥላ አስጠግተው አራቱንም በሮች በረገዷቸው። እኔ ግን ለጊዜው ከመዘግየታችን በቀር የታየኝ ነገር አልነበረም።

ኋላ ነገሩን እያነበብኩ ብመረምር፣ ሽማግሌው ትክክል ሆነው አገኘኋቸው። የመኪና ወንበር ውስጡ ስፖንጅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በክብሪትና በሲጋራ የሚነሣውን የመኪና ቃጠሎ ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡ የመኪና ውስጥ ዕቃ በእሳት ሲፈተን ነበልባሉ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ያዛል። ኬሚካል ጨምሩ አይልም፤ ፋብሪካዎች ግን ፈተናውን ለማለፍ እሳት የሚያዘገይ ኬሚካል ይጨምራሉ።

ችግሩ ኬሚካሉ በስፖንጁ ውስጥ ታስሮ የማይቀር መሆኑ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ወደ አየር ይወጣል፤ ከአቧራም ጋር ይቀላቀላል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከመረመሯቸው 101 መኪናዎች በ99 በመቶው ቲሲአይፒፒ የተባለውን ኬሚካል አገኙ። የእነዚህ ኬሚካሎች መጠንም በበጋው ሙቀት ከክረምቱ ብርድ ከ2 እስከ 5 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ይኸው ቲሲአይፒፒ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ የአሜሪካ መንግሥት ምርመራ በአይጦች ላይ ካንሰር የማስከተል ማስረጃ ተገኝቶበታል። ሕፃናት ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ይተነፍሳሉ፤ አቧራ የነካ እጃቸውንም ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። የሚያሳዝነው፣ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ራሱ ኬሚካሉ እሳትን ለመከላከል እምብዛም አይረዳም፤ ጭሱን ግን የባሰ መርዛም ያደርገዋል ማለቱ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ አይደለምን?

አንባቢ ሆይ፤ ደንቡ የሩቅ አገር ነው፤ ሐሩሩ ግን የእኛ ነው። መኪናውም ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በዚሁ በገዋኔ መንገድ ወደ መሐል አገር ይገባል። ነገ የመሥሪያ ቤትዎን መኪና የግዢ ዝርዝር የሚጽፉ ሲሆኑ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ወንበሩ በምን እንደተሞላም ይጠይቁ። እስከዚያው ግን መኪናዎን ጥላ ሥር ያቁሙ፤ ከመግባትዎ በፊት በሮቹን ከፍተው ጥቂት ይታገሡ፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጄ ዛሬ መኪና ስንከፍት እጄን ይዛ፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ ይተንፍስ!» ትለኛለች። እኔም እታገሣለሁ።