ድንኳን የት ይተከላል?
በጣና ዳርና በደን ውስጥ ለሚያድሩ ቤተ ሰቦች

ድንኳን ለኢትዮጵያዊ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ ነገሥታቶቻችን ለብዙ ዘመን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ በድንኳን ይቀመጡ እንደ ነበር ታሪክ ያስረዳል። ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል እንኳ በጥንቱ አነጋገር የንጉሥ ወይም የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበር። ቀኝ አዝማች፥ ግራ አዝማች፥ ደጃዝማች የሚሉት መዓርጎችም ከዚሁ ከጦርና ከሰፈር ሥርዓት የተገኙ ናቸው። በየዓመቱም ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው በወንዝ ዳር ወይም በተከተረ ውኃ አጠገብ በድንኳን ያድራሉ። ለታቦት ማደሪያ የሚሆነውን ስፍራ ሽማግሌዎችና ካህናት መሬቱን ረግጠው፥ የውኃውን ዳር አይተው እንደሚያሰናዱ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

እንግዲህ ድንኳን የሚተከልበትን ስፍራ መምረጥ ከአባቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ነው። በዚህ ዘመን ግን ብዙ የከተማ ቤተ ሰቦችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደሴት ሊሳለሙ፥ ደን ሊያዩ፥ ንጹሕ አየር ሊተነፍሱ ሲወጡ ድንኳኑን ከሱቅ ይገዛሉ፤ ስፍራውን የመምረጥ ዕውቀት ግን ከድንኳኑ ጋር አብሮ አይሸጥም። ሕፃናትን ይዞ የሚያድር ሰው ይህን ዕውቀት ቢያጣ የሚጎዳው በእንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም። ስለዚህ በየጉዞአችን ካየነውና ከቦታው ሰዎች ከተማርነው ለአንባብያን የሚጠቅመውን ከዚህ በታች ጽፈናል።

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ነገር፥ ለዐይን ያማረ ስፍራ ሁሉ ለማደሪያ የተመቸ አለመሆኑ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሎጥ ዐይኑን አንሥቶ ለምለሙን የዮርዳኖስን ሜዳ ስላየ ያን መረጠ፤ ድንኳኑንም እስከ ሰዶም አቅራቢያ ተከለ። የጎረቤቶቹን ጠባይ አስቀድሞ አልመረመረም። አብርሃም ግን በመምሬ ዛፍ ሥር፥ ጥላ ባለበትና መንገደኛን በሚያይበት ስፍራ ተቀምጦ እንግዶቹን ተቀበለ። ልምላሜን ብቻ አይቶ ካስማ መምታት እስከ ዛሬ ድረስ የብዙ መንገደኞች ፈተና ነው።

የዚህን ነገር እውነተኛነት በጣና ዳር አይተናል። ከቤተ ሰቦችና ከወጣቶች ጋር ሆነን ዐባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢ በደረስን ጊዜ፥ ወጣቶቹ ከውኃው አጠገብ ያለ ለስላሳ የሣር ሜዳ አይተው እጅግ ደስ አላቸው። ከውኃው እስከ ሣሩ ድረስ ቄጠማውን የከፈለ፥ ሰው የጠረገው የሚመስል መንገድ ነበረ። እኛም የአገሩን ሰው ሳንጠይቅ ካስማ አይመታ ብለን አንድ ሸምገል ያሉ ዓሣ አጥማጅ አስጠራን። እርሳቸውም መንገዱን አይተው፥ «ልጆቼ፥ ይህ መንገድ ባለቤት አለው፤ ማታ ይመጣል» አሉ። በቁጥቋጦው ላይ የተበተነውን ፋንድያም በበትራቸው እያመለከቱ አሳዩን። ባለቤቱ ጉማሬ ነበር። ወጣቶቹ ቅር እያላቸው ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ከፍታው ወጡ። ሌሊት የጉማሬው ድምፅ ተሰማ፤ በማግሥቱ ጠዋት ወጣቶቹ በመረጡት ሜዳ ላይ አዲስ ዱካ ታትሞ ተገኘ። ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት ያን አይታ ምንም ሳትናገር አማተበች።

ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ የሚወጣበትንም መንገድ አዘውትሮ ይመላለስበታል። እጅግ አስፈሪ የሚሆነው በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ድንኳን በውኃው አፋፍ ላይ፥ ይልቁንም ቄጠማና ደንገል ተከፍሎ መንገድ በታየበት ስፍራ ፈጽሞ አይተከልም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ታላቅ ሐይቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ነገር ግን ስፋቱን የሚያይ ሰው ጥልቀቱን በዚያው ልክ እንዳይገምት ይገባል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የነበረው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ደሴት የሚሻገር ቤተ ሰብ በማለዳ ይሻገር፤ ለሁሉም በቂ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ሳያረጋግጥ ልጆቹን በጀልባ አያሳፍር። ነፋስ ቢበረታ ከደሴት መውጣት ስለማይቻል ከታሰበው ቀን በላይ የአንድ ቀን ስንቅና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል።

በደሴት ላይ ስለ ነፋስና ስለ ትንኝ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ማስታረቅ ይገባል። ነፋስ የማይደርስበት፥ ደንገል የበዛበት ረግረግ ዳር የትንኝ መኖሪያ ነው፤ የጣና ዙሪያም የወባ አገር ነው። ነፋስ በግልጥ የሚመታው ራስ ደግሞ ድንኳንን ይነቅላል። መልካሙ ስፍራ ከውኃው ራቅ ያለ፥ ጥቂት ከፍ ያለ፥ ቁጥቋጦ ከነፋሱ በኩል የሚከልለው፥ ነገር ግን ለስለስ ያለ አየር የሚያልፍበት ነው። የድንኳኑ በር ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊቱን ይመልስ። አጎበር ሊረሳ አይገባም፤ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒትም ከጉዞ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ልጆችም በሐይቁ ዳር በቆመው ውኃ እየዘለሉ እንዳይጫወቱ መከልከል ይገባል፤ የቢልሃርዝያ ተውሳክ በውኃው ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባልና። የሚጠጣውም ውኃ ተጣርቶ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፍላ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ። የትኛው ደሴት ይመረጥ? በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ አባት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ይሳለማል፥ እናት ግን ሴቶች ልጆቿን ይዛ በጀልባው ላይ ትጠብቃለች። በመመለሻው መንገድ ወንዶቹ ያዩትን ሲያወሩ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ልጅቱ «እኔስ ለምን?» ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት አታገኝም። የገዳሙ ሥርዓት የአባቶች ሥርዓት ነው፤ መንገደኛ አይለውጠውም። መንገደኛ ሊለውጠው የሚችለው የድንኳኑን ስፍራ ነው። ቤተ ሰብን ሰብስቦ የሚጓዝ ሰው ሁሉም በአንድነት በሚረግጡት ምድር ይደር ብለን እንመክራለን።

እንዲህ ያለው ምድር አይታጣም። የዘጌ ልሳነ ምድር ከባሕር ዳር በጀልባ ቢያስኬድ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። በዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን የመሰሉ በሥዕል ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከደሴቶቹም ሰፊው ደቅ በዳሩ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ይዟል። ይህችን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ለሴቶች ልጆቻችን ይህን በቦታው ቆሞ መንገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

የዘጌ ደን ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያፈራበት ነው። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም ምድሪቱ እንዳትታረስ ስለ ደነገጉ ሕዝቡ በሬ ጠምዶ ሳያርስ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ ይኖር ነበር። ስለዚህ በዚያ ባዶ የሚመስለው መሬት ሁሉ የሰው ማሳ ነው፤ ድንኳን ለመትከል ብሎ አንዲት የቡና ችግኝ መርገጥ የአንድን ቤተ ሰብ እንጀራ መርገጥ ነው። ማደር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የገዳሙን አስተዳዳሪና የቀበሌውን ሹማምንት ያስፈቅድ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ እነርሱ ባሳዩት ስፍራ ይትከል። መነኰሳት ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉና ድምፅን ዝቅ ማድረግ የእንግዳ ግዴታ ነው።

በደን ውስጥ ለሚያድር ሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን እንመልከት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጽድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ በዚያ ይገኛሉ፤ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ካስማ ከመምታት በፊት ቀና ብሎ ማየት ይገባል። የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት ሽማግሌ ዛፍ ነፋስ ባይኖርም ሊጥል ይችላል። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍና የኮረብታ ራስ መብረቅ ይስባሉ። ቀጥሎም ዝቅ ብሎ ማየት ነው፤ የጉንዳን ሰልፍ በአጠገቡ ካለ ሌሊት እንግዳ ሆኖ ይመጣል። የደረቀ የወንዝ መሄጃ አሸዋው ለስላሳ ስለ ሆነ ያማልላል፤ ነገር ግን በተራራው ራስ የዘነበው ዝናብ ከታች ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ብርድም እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚወርድ ከሸለቆው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ማደር ይሻላል።

ስለ ብርድ ካነሣን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ብዙ እናቶች ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው ብለው ቡና ያፈሉበትን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ያስገባሉ። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዝ ያለው አየር ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፥ የተኛውንም ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ፍም፥ ትንሽም ቢሆን፥ ወደ ድንኳን አይግባ። ለሙቀት ከበታች የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ስለ ንጽሕናም መጽሐፍ አስቀድሞ ሥርዓት ሠርቶልናል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤል ከሰፈር ውጭ ለመጸዳጃ የሚሆን ስፍራ እንዲለዩ፥ መቈፈሪያም ይዘው ቈፍረው እንዲከድኑ ታዝዘዋል። የዛሬው የጤና ትምህርትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ያህል ይጥለቅ፥ ከውኃና ከድንኳንም ከ60 ሜትር ያላነሰ ይራቅ። ላስቲክና ቆርቆሮ ግን አይቀበርም፤ ተለቅሞ ከመጣበት ጋር ይመለሳል።

የጉዞው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ዝናቡ ያለፈበት፥ ምድሩም ልምላሜውን ያልጣለበት ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለ ሆነ ሥጋ አይያዝም፤ ጅብን የሚጠራ ሽታም ከሰፈሩ ይጎድላል፤ የጾም በረከት በዚህም በኩል ይገኛል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአገሩና የመንገዱ ሰላም ይጠየቅ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሁሉ መጀመሪያ ሆኖአል፤ ወደ ሱባም ሆነ ወደ ሌላ ስፍራ ለሚሄድ ሰው ጥያቄው ያው ነው። ሁኔታው የሚያጠራጥር ከሆነ መቆየት ፍርሃት አይባልም፤ ልጆችን የያዘ ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻ የምንለው ስለ ማገዶ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን በጥናታቸው ገልጠዋል፤ ከብት እንዳይገባበት በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብም ከካህናትና ከሕዝቡ ጋር ሠርተዋል። ካህናትና ምእመናን ለዘመናት የጠበቁትን ዛፍ አንድ ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ቡና ማፍያ መቍረጥ አይገባም። የወደቀውም እንጨት የገዳሙ ነው። አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ከቤት ይዞ መሄድ ይህን ሁሉ ያቀልላል።

ጠዋት ድንኳኑ ተነቅሎ ካስማው ከተሰበሰበ በኋላ ልጆቹን በመስመር አሰልፎ ያደሩበትን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር እንዲያዩ ማድረግ መልካም ልማድ ነው። የወደቀ ወረቀት ይለቀም፥ የተከፈተ ጉድጓድ ይደፈን፥ የተጋደመው ሣር በእጅ ይቅና። ከዚያም ስፍራውን ያሳዩትን አባት አመስግኖ፥ «ይፍቱኝ» ብሎ ተባርኮ መሄድ ነው። እንዲህ ያደረገ ቤተ ሰብ በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ቢመጣ በሩ ይከፈትለታል። የአብርሃም አምላክ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ።