የሙዝ ዕዳ በአርባ ምንጭ

ሲቀላ መናኸሪያ እንደወረድን ወዳጄ ባጃጅ አስቁሞ «ጎበዝ ጠበቃ ያለበት አድርሰን» አለ። ልጁ ዞር ብሎ አየን።

«የወንጀል ነው የገንዘብ?»

«የገንዘብ።»

«ለገንዘብማ ሽማግሌ ይሻላችኋል» አለና ሞተሩን አስነሣ። ቢሆንም ወደ ጠበቃ ወሰደን።

ወዳጄ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዝ አከፋፋይ ነው። እኔ ከንግድ የለሁበትም። አብሬው የመጣሁት አንድም አገሩን ለማየት፣ አንድም ብቻውን ከመጣ ተናዶ የማይሆን ነገር እንዳይናገር ብዬ ነው። በዚያ ላይ ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሙግት ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። አያቴ በበላ ልበልሃ የረቱበትንና የተረቱበትን እያነሡ ሲተርኩ ነው ያደግሁት።

መንገዳችን በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰው ነበር። ከሶዶ ወዲያ ወደ ቆላው ሲወረድ ዓባያ ሐይቅ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ በግራ በኩል ይታያል፤ በቀኝ ደግሞ የጉጌ ተራሮች ደመና ለብሰው ይከተላሉ። ምዕራብ ዓባያን ይዞ ላንቴና ጫኖ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ሙዝ ነው። አይሱዙዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል። አረንጓዴው ዘለላ በሙዝ ቅጠል እየተጎዘጎዘ ይደረደራል፤ ከላይ የቆመው ጫኝ ከታች የሚወረወርለትን እየቀለበ በጉልበቱ ይጠቀጥቀዋል። «እዚህ ከሚጫነው ግማሹ ገና ያልተከፈለበት ነው» አለኝ ወዳጄ በመስኮት እያየ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አከፋፋዩ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ይልካል፣ ሰብሳቢው ከገበሬው ይገዛል፣ ገበሬው ከፊሉን እጅ በእጅ ተቀብሎ ቀሪውን «መኪናው ሲመለስ» ይባላል። ዋጋ የሚቆረጠው በስልክ ነው። ዝናብ በዝቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሙዙ መንገድ ላይ ከጠቆረ ኪሳራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ የተነጋገረ የለም። የወዳጄ ሰብሳቢ ለዓመታት አብሮት የሠራ ሰው ነው። በኋላ ግን የብዙ መኪና ሙዝ ሒሳብ ተቀብሎ ሳይጭን ቀረ፤ «ገበያ ሰበረኝ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ተዘጋ።

የጠበቃው ቢሮ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ፎቅ ላይ ነው። በክር የታሰሩ መዝገቦች መስኮቱ ድረስ ተቆልለዋል። የክልሉ የጥብቅና ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠበቃው እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ ወጣት ነው። ወዳጄ ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ሊጀምርለት ሲል በትሕትና አቋረጠው።

«ውል አለ?»

«የቃል ነው።»

«የቃልም ውል ነው ጋሼ፣ ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። ገንዘቡን በምን ላኩ?»

«በባንክ፤ በስልኬ።»

«ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ምን ጻፉ?»

ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ መልእክቶቹን ያወርድ ጀመር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር የተላከባቸው ናቸው። ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት አንዱ ላይ «ሀ»፣ አንዱ ላይ «እሺ»፣ አንዱ ላይ ነጥብ ብቻ። ወደ ታች ብዙ ከወረደ በኋላ «ሙዝ» የምትል አንዲት ተገኘች። ጠበቃው በእስክሪብቶው ጫፍ ነካት። «ይቺን ከባንኩ በማኅተም አውጡልኝ።»

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ለአንድ ኩንታል ሙዝም አይበቃም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ አለ። ስለዚህ ወዳጄ «አበድሬው ነበር» ብሎ ከከሰሰ ወረቀት አምጣ ይባላል፤ የለውም። «ለሙዝ ግዢ ቅድሚያ ከፍዬ ዕቃው አልተጫነልኝም» ካለ ግን ነገሩ ሽያጭ ነው፤ የሙዝ ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ ሹፌሩም ጫኙም ምስክር ሆነው ይቆጠራሉ። ያው ገንዘብ፣ ያው ሰው፣ ያው በደል፤ ስሙን አሳስቶ የጠራ ይሸነፋል። ጠበቃ የሚቀጠረው ችሎት ፊት ለመጮህ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ዋናው የተሠራው እዚያች ወንበር ላይ፣ የክስ አቤቱታው ሳይጻፍ ነው።

ወዳጄ አዲስ አበባ የሚያውቀው ጠበቃ እንዳለና እሱን ለማምጣት አስቦ እንደነበር ተናገረ። የፌዴራል ፈቃድ በመሠረቱ ለፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በክልል ጉዳይ እዚህ ችሎት የሚቆመው የክልል ፈቃድ ያለው ነው። ክልሉ ራሱ በነሐሴ 2015 ከቀድሞው ደቡብ ወጥቶ የተቋቋመ ነው፤ የአስተዳደር መቀመጫውም ወላይታ ሶዶ ነው። ተከሳሹ የሚኖረው ጋሞ፣ ሙዙ የሚጫነው ጋሞ፤ የአዲስ አበባው ሰው ለአበልና ለአልጋ ከማስወጣት በቀር አይጠቅምም። ስለ ክፍያ ብዙ አልተጨቃጨቁም፤ በሦስት ተከፍሎ፣ አቤቱታው ሲገባ፣ ክርክሩ ሲሰማ፣ ገንዘቡ ሲገባ ተባለ። ወዳጄ የመጨረሻዋን ክፍያ ከፍ፣ የመጀመሪያዋን ዝቅ አስደረገ። ብልህ ነጋዴ ነው።

ከዚያ ቼኩ ወጣ። ሰብሳቢው አንድ ጊዜ ለዋስትና ብሎ ቀኑን ወደፊት አድርጎ የጻፈለት ቼክ ነበር፤ ባንክ ሲያቀርበው በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ነጋዴው ደረቅ ቼክ የሚለው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 284 ደግሞ በአጭር ሥርዓት ያስከስሳል፣ ተከሳሹም ለመከራከር እንኳ ማስፈቀድ አለበት። የወዳጄ ፊት በራ። «ይታሰርልኛ!» አለ።

ጠበቃው ቼኩን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ከታሰረ ማን ጭኖ ይከፍልዎታል? ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ጠይቄያለሁ። የላንቴ ገበሬዎች አሉበት፣ ሌላ አከፋፋይ አለ፣ ቤቱን ይዞ ያበደረው ባንክ አለ። ሰውዬው ከስሯል።»

በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል በቁራኛ አብረው ሲበሉና ሲተኙ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዘመናዊ የኪሳራ ሕግ የወጣልን በ1925 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ገባ። ያንን ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ሲሆኑ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የኪሳራው ክፍል ተለወጠ፤ የቼኩ ሕግ ግን አሁንም የ1952ቱ ነው። አዲሱ ሕግ ለከሰረ ነጋዴ ከአሮጌው ይልቅ ልቡ የራራ ነው። ገና ሳይወድቅ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር እንዲደራደር፣ ንግዱን መልሶ እንዲያደራጅ፣ ትንሽ ነጋዴ ከሆነም በቀለለ ሥርዓት እንዲስተናገድ መንገድ ከፍቷል።

መንገዱ ተከፈተ እንጂ ሂያጁ ብዙ አይደለም። ስሙ የሚነሣው፣ ያውም በአሮጌው ሕግ ዘመን፣ ሆላንድ ካር ነው፤ ያ መኪና ገጣጣሚ በ2005 ዓ.ም. ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። የሙዝ ሰብሳቢ ግን «ከስሬያለሁ፣ መዝገብ ክፈቱልኝ» ብሎ በፈቃዱ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጠበቃችን አይቶ አያውቅም። ስልኩን ያጠፋል፤ ዘመድ ጋ ይገባል፤ ሞያሌ ወይም ጅማ ታየ ይባላል። ኪሳራን አምኖ መናገር ነውር በሆነበት አገር ሕጉ ለሚደበቅ ሰው የተጻፈ መድኃኒት ሆኖ ቀርቷል።

ጠበቃው ክሱን አዘጋጅቶ በመሳቢያው ከቆለፈ በኋላ «አሁን ሽማግሌ እንላክ» አለ። የባጃጁ ልጅ ትዝ አለኝ። የሰብሳቢው ወላጆች ከጨንቻ በላይ ናቸው፤ እሱም እዚያ ነበር። በጠመዝማዛው ዳገት ወጣን። የቆላው ሙቀት ከኋላችን ቀርቶ ቀርከሃ፣ እንሰትና ብርድ ተቀበሉን። ዶርዜ ላይ ልጆች የዝሆን ፊት የሚመስለውን የቀርከሃ ቤት ካላሳየናችሁ ብለው ከበቡን፣ ሸማኔው ከደጁ ሆኖ መወርወሪያውን ያመላልሳል።

የጋሞ አባቶችን አገሩ ሁሉ ያወቃቸው በመስከረም 2011 ነው። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። እኔም እንደ ብዙው ሰው ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር። ለካ የዚያ ሣር ሥር ዱቡሻ ነው፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚፈርድበት አደባባይ። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ ኦቾሎ ድረስ መጥቶ ይህን ጉባኤ አጥንቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 መጽሐፍ አሳትሞበታል። አንዱ ፈረንሳዊ ሕግ ሊጽፍልን፣ ሌላው ከእኛ ሕግ ሊማር መምጣቱ ገረመኝ።

የእኛው ነገር ለዱቡሻ የሚበቃ አልነበረም፤ ጥቂት ሽማግሌዎችና ሀላቃ የሚባለው የአገር ሹመት የነበራቸው አንድ አባት ሣር ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ምርቃት ሆነ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቆሞ መናገር። ከአያቴ በላ ልበልሃ ጋር የሚመሳሰል መስሎኝ ነበር፤ አይመሳሰልም። እዚያ ተሟጋች በነገር ተዋግቶ ይረታል፤ እዚህ ለመርታት የሚናገር ሰው ገና ሲጀምር ፊት ይነሡታል። ወዳጄ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሀላቃው እጃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ፤ እሱም ዝቅ አለ። እኔ ያን ማድረግ ባልቻልኩ ነበር።

ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ያለብህን ሁሉ ቁጠር፤ የዚህን እንግዳ ብቻ አይደለም።» ሰውዬው ቆመ። የእያንዳንዱን ገበሬ ስም እየጠራ፣ ከሁለተኛው አከፋፋይ ጋር፣ ከባንኩ ጋር ቆጠረ። ጠበቃው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የኪሳራ መዝገብ ሲከፈት የሚቀርበው ዝርዝር ይኸው ነው» አለኝ። «ፍርድ ቤት ቢጠየቅ ግማሹን ይደብቅ ነበር። እዚህ መዋሸት ጎሜ ነው፤ በልጆቹ ላይ ይመጣል ብሎ ያምናል።»

በመጨረሻ ገበሬዎቹ ይቅደሙ ተባለ፤ ቀጥሎ ሁለቱ አከፋፋዮች እኩል፤ ወንድሙ ዋስ ይሁን፤ ክፍያውም ከታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ። ወዳጄ ከወለዱ ምንም አላገኘም፤ ዋናውን ግን ሳይቀነስ።

ይህን ሁሉ አድንቄ ስወርድ ሲቀላ ገበያ አንዲት ሙዝ ነጋዴ አቀዘቀዘችኝ። እሷም ከዚያው ሰብሳቢ የምትጠይቀው ገንዘብ ነበራት። ሽምግልናው ላይ ለምን እንዳልነበረች ጠየቅኋት። «ማን ጠራኝ? እናቴ ዱቡሻ ላይ ተናግራ አታውቅም። እኔ ክስ አስገብቻለሁ፤ እዚያ መዝገቡ በስሜ ነው» አለችና ለሚቀጥለው ገዢ ሚዛኗን አስተካከለች። ዱቡሻ ሴቱንና ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን ለብዙ ዘመን ዳር አስቁሞ የኖረ አደባባይ ነው። ሽምግልናው ላይ ስትቆጠርም አልሰማሁም፤ ወይ ሰብሳቢው ዘሏታል፣ ወይ እኔ አላስተዋልኩም። ለጠበቃው ነገርኩት፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቀጥሎ የጠበቃው ሥራ ክሱን ከመሳቢያው አውጥቶ ማስገባትና የሽማግሌዎቹን ቃል ወረቀት ላይ ማውረድ ነበር። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች በዕርቅ ሲጨርሱ ስምምነታቸው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱ ለሕግና ለሞራል የማይቃረን መሆኑን አይቶ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ሰብሳቢው አንድ ወር ቢያዛንፍ በቀጥታ አፈጻጸም ነው፣ ሌላ ክስ አያስፈልግም። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ጥላ ዘርግተው ከሚጽፉት አቤቱታ ጸሐፊዎች አንዱ በርካሽ እጽፍላችኋለሁ ብሎን ነበር። ጠበቃው ግን የዋሱን ኃላፊነት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰርዞ ጻፈው።

በችሎቱ ዕለት ዳኛዋ ስምምነቱን አንብበው ሁለቱንም በፈቃዳቸው መፈረማቸውን ጠየቁ። አዎ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባንኩስ?»

ባንኩ ሣር ላይ አልተቀመጠም፤ ማንም አልጠራውም፤ ቢጠራም የሚቆም ሰው አይልክም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጣል። ሽማግሌ ጎረቤትን ያስራል፣ ዕርቅ የፈረሙትን ያስራል፤ ከዚያ ውጪ ላለው ገንዘብ ጠያቂ ኃይል የለውም። ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ የተናጠሉን እርምጃ ሊያስቆም የሚችለው ያ ብዙ እግር ያልረገጠው የ2013ቱ ሥርዓት ነበር። ጠበቃው ለሰብሳቢው ይህንኑ በጋሞኛ አስረዳው፤ የሱ ደንበኛ ባይሆንም። ሰውዬው አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ። ከሰረ መባልን አልፈልግም አለ።

ዳኛዋ ስምምነቱን አጸደቁ። የባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለሰብሳቢው የደረሰው በጥቅምት ነው። የሐራጁ ቀን ኅዳር ላይ ይውላል፤ የመጀመሪያው ወርኃዊ ክፍያ ታኅሣሥ ላይ።