የአጎቴ ሸክላዎች

አጎቴ ከአባታቸው የወረሱትን ግራሞፎንና ሦስት ሸክላዎች የሰጡኝ ጡረታ በወጡ ጊዜ ነበር። አባታቸው ድሬዳዋ ሳሉ ከአንድ ኢጣሊያዊ ገዝተዋቸው ኖሯል። እኔም ከመሥሪያ ቤት እንደ ተመለስሁ ማታ ማታ እነርሱን ማደስ ልማድ አደረግሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ግን ጥፋት ነው። ሸክላ ብለን የምንጠራው ዕቃ ከአፈር የተሠራ አይደለም፤ ከአንዲት ትንሽ ተባይ የሚገኝ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀምሞ የሚወጣው ነው። ይህንንም ሙጫ አልኮል ያሟሟዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አቧራውን አጠራለሁ ብዬ አንዱን በአልኮል ብጠርገው፥ ጥቁሩ በጨርቁ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ለአጎቴ ሳልነግራቸው ሁለት ዓመት አለፈ።

ከተረፉት አብልጬ የምወደው የኤንሪኮ ካሩዞ ነው። ካሩዞ አፕሪል 11 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ከተማ፥ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ፥ ለቀራጩ ለፍሬድ ጋይዝበርግ አሥር ዜማ ዘፈነ። ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ላይ የገባው በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ዘፋኙ በትልቅ የጡሩምባ አፍ ውስጥ ይዘፍናል፤ የድምፁም ንዝረት መርፌውን እየገፋ በሰም ላይ ጭረት ያወጣል። ሸክላው የሚዞርበት ፍጥነት ገና አንድ ወጥ አልነበረም። በደቂቃ 78 ዙር የሚባለው ደንብ ኋላ የጸና ነው። ስለዚህ በዝግታ የተቀረጸውን በ78 ያሽከረከረ ሰው የካሩዞን ድምፅ ቀጭንና ችኩል ያደርገዋል።

የእኔ ሸክላ በአንድ ፊቱ ብቻ የተቀረጸ ሲሆን፥ ዜማው ከዶኒዜቲ ኦፔራ የተወሰደው «ኡና ፉርቲቫ ላግሪማ» ነው። ፒያኖ ከሚያስተምር ወዳጄ ጋር ሆነን ድርሰቱ ከተጻፈበት ቅኝት ጋር ብናስተያየው፥ ከ71 ዙር ጥቂት ከፍ ሲል ተስማማ። ወዳጄ ግን ዘፋኞች ለጉሮሮአቸው እንዲመች ዜማውን ዝቅ ማድረግ ያውቁበታልና ፒያኖውን ብቻ አትመን አለኝ። በዚህ ምክንያት ትንፋሹንና አነጋገሩን ጭምር እያዳመጥን ሦስት ምሽት ደከምን። በመጨረሻ ከጡሩምባው ውስጥ ደረቱ ሰፊ፥ ያልቸኮለ ሰው ወጣ። እኔ ከዚያ በፊት ካሩዞን ሰምቼው አላውቅም ለማለት እደፍራለሁ።

ባለፈው እሑድ አጎቴን ጠርቼ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፥ «ይህ ሰው ታሟል እንዴ? በአባቴ ቤት እንዲህ አልነበረም» አሉ። ስለ ዙሩ ቁጥር ብዙ አስረዳኋቸው።

«ልጄ፥ ያንተው ልክ ይሆናል፤ የኔን ግን መልስልኝ» አሉኝ።

ማስተካከያውን ወደ 78 መለስሁት። ካሩዞም ቀጥኖና ቸኩሎ ዘፈነ፤ አጎቴ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ እስከ ፍጻሜው አደመጡ። ሁለተኛውንም እንዲሁ ሰሙ።

«ሦስተኛውስ?» አሉ።

የግራሞፎኑን ክዳን ዘጋሁና ነገርኋቸው።