ኢንተርኔት የሚያስገባው ፋይል ኢንተርኔት ላይ ነው

ከቶሮንቶ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አይጠፋም። ከእንግዲህ ደግሞ የሚበዛ ይመስለኛል። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የወጡትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ያልሆነው፣ የኪቦርዱ ፊደል እንኳ ያልተላጠው ማሽን ከቢሮ ይወጣል፤ የአክስት ልጅ እጅ ቢገባ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። እኔ የምለው፣ ይህ ላፕቶፕ ከመሄዱ በፊት ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ራሱን ችሎ ስል ያለ ኢንተርኔት ማለቴ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዲስክ ክሎን ሲደረግ ነው። ፋይል ኮፒ ማድረግ ፎቶውንና ደብዳቤውን ብቻ ይወስዳል። ክሎን ግን ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ፎንቱን፣ ማሽኑ የሚነሳበትን ክፍል ሳይቀር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ያሻግራል። እንደ ክሎንዚላ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሥራውን በደንብ ይወጣዋል። አዲሱ ዲስክ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ጣጣ የለውም። ጣጣው ክሎኑ ሌላ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ ነው። ዊንዶውሱ ይነሳል፣ ስክሪኑ ያምራል፣ የዋይፋዩ ምልክት ግን የለም። ዲቫይስ ማኔጀር ሲከፈት «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል ስም ቢጫ ቃለ አጋኖ ተለጥፎበት ይታያል። የዋይፋይ ካርዱ ደህና ነው፤ ክሎኑ ይዞት የመጣው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከካርዱ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም፣ የድሮውን ላፕቶፕ ካርድ እንጂ ይህኛውን አያውቀውም። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን ለተመለከተ የአምራቹ መለያ ቁጥር ይወጣለታል። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው በ1978 ያወጣው የዝነኛው ቺፕ ቁጥር ነው፣ መሐንዲስም አንዳንዴ ይቀልዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድራይቨሩን በዚያ ቁጥር ፈልጎ ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። በየትኛው ኢንተርኔት?

ይህ የጀማሪ ስህተት ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ጁላይ 8 ቀን 2022ን ያስታውስ። በዚያ ዓርብ የካናዳው የቴሌኮም ኩባንያ የሮጀርስ ኔትወርክ ወድቆ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ተቋረጡ። የካርድ ክፍያ መረቡ ኢንተራክ ስለቆመ በዴቢት ካርድ መክፈል አልተቻለም፤ 911 መደወል ያቃታቸውም ነበሩ። የእኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ በተወለደበት ከተማ፣ ያውም ሮጀርስ ሴንተር በሚባለው ስታዲየም ሊያቀርበው የነበረው ኮንሰርት በዚያው ምሽት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። መነሻው ኔትወርኩን ለማሻሻል ሲሠራ የተፈጠረ የቅንብር ስህተት ነው። ስህተትስ ማንም ይሠራል። የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለሲአርቲሲ፣ የተዘጋጀው ገለልተኛ ጥናት እንደሚለው መሐንዲሶቹ ብልሽቱን ለማየት የሚገቡበት መስመር ራሱ በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እርስ በርስ የሚደዋወሉበት ስልክም እንዲሁ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን መዝጋት ማለት ይኼ ነው። ያንን ሁሉ ባለሙያ የያዘ ኩባንያ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ቢወድቅ ምን ያስደንቃል?

ቶሮንቶ ላይ ግን ይህ የአንድ ሁለት ቀን ወሬ ሆኖ አለፈ። አገር ቤት ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከኢንተርኔት ተቆርጣ ኖራለች። አማራ ክልል ውስጥ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ደግሞ ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ መስመር ተዘግቶ ነበር። በሰላሙ ቀንም ቢሆን ፓኬጅ የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ሜጋባይት ይቆጥራል፤ እዚህ ዋይፋይ እንደ ውሃ ቧንቧ የሚታይበት ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ማሽን ይህን አያስብለትም። ዊንዶውስ 11 ገና ሲጫን ኢንተርኔት አምጣ፣ አካውንት አስገባ ማለቱን አስቡት። ድራይቨሩ ከሌለ እዚያው ገጽ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፤ «ስልክ አለ አይደል?» እውነት ነው፣ አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል፤ ጥሩ መላ ነው፣ እኔም እመክረዋለሁ። ግን ይህ መላ የሚሠራው ዳታው ካለ ነው። ዳታው በተዘጋበት ከተማ ስልኩም ላፕቶፑም እኩል ዝም ይላሉ። ሁለተኛው መልስ «ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን ያገኘዋል» የሚል ነው። ብዙ የቆዩ ካርዶችን በእርግጥ ያውቃል። የማያውቀውን ሲያገኝ ግን የሚፈልገው ከዊንዶውስ አፕዴት ነው፣ እሱም ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ዞረን ተመለስን።

«ለምን ክሎን? ፎርማት አድርጎ አዲስ መጫን ይሻላል» የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ክሎን ጤናውን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም ያሻግራል፤ ቫይረሱን፣ የተቀመጠውን የባንክ ፓስዎርድ፣ የታክስ ወረቀቱን ጭምር። የራስን ዲስክ ክሎን አድርጎ ለሰው መላክ ሞኝነት ነው፤ ለሰው የሚሄደው አንድ ንጹሕ ሆኖ የተዘጋጀ ዲስክ ቅጂ ይሁን። በሌላ በኩል አዲስ መጫን የማይተካው ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ሁሉ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። የእድር ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ያልታተመ ግጥም እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ከተኛ፣ ፋይሉን ወደ ክላውድ መስቀል ብቻውን አያድነውም። ጽሑፉን፣ ፎንቱንና ፕሮግራሙን አንድ ላይ የሚያወጣው ክሎን ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ እሱም የዚያው ዘር ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ይቆልፉታል። እንደተቆለፈ ክሎን ተደርጎ ሌላ ማሽን ውስጥ ከገባ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ የተቀመጠው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መክፈት፣ ወይም ቁጥሩን በእጅ ወረቀት ላይ መገልበጥ። ድራይቨሩም ቢሆን በጊዜው ከተያዘ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ከአምራቾች የመጡትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ መሰጠት ያለበት ተቀባዩ ላፕቶፕ የድሮ ዲስኩን እንደያዘ፣ ዋይፋዩ ገና እየሠራ ሳለ ነው። አንድ ጊዜ ዲስኩ ከተፈታ ያ ዕድል አለፈ። ፎልደሩ ፍላሽ ላይም፣ አዲሱ ዲስክ ላይም ይቀመጥ።

ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ታዲያ ራውተሩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ ላፕቶፑን አንዴ ማስነሳት ነው። እየቆመ የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ መጻፍ፤ ፍላሹ ላይ የሚጨመረው ያ ነው።