የአያቴ ሶላርና የማርስ ነፋስ

አያቴ የምትኖረው ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ነው። ቅዳሜና እሁድ እሷ ጋ ስሄድ የማጠናው በሶላር መብራት ነው። በስንዴ አጨዳ ሰሞን ግን ከኮምባይነሩ የሚነሳው አቧራ ሶላሩን ይሸፍነዋል፤ መልመጃዬን ሳልጨርስ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወጥቼ እጠርገዋለሁ።

ማርስ ላይ ማን ይውጣ? እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የሚባሉ ሮቦቶች ሶላራቸው አቧራ ስለሚለብስ 90 ቀን ያህል ይሠራሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። አቧራውን ያመጣው ነፋስ ራሱ መልሶ ጠረገላቸው! ስፒሪት 6 ዓመት፣ ኦፖርቹኒቲ ደግሞ 14 ዓመት ሠሩ። ኦፖርቹኒቲ ዝም ያለው በ2018 ትልቅ የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ሲጋርድበት ነው።

ኢንሳይት የሚባለው ግን አሳዘነኝ፤ ነፋሱ ሳይጠርግለት ቀረ። በ2021 ባለሙያዎች በራሱ ክንድ አሸዋ አስዝቀው ከሶላሩ አጠገብ አስፈሰሱት። ነፋሱ አሸዋውን በሶላሩ ላይ ሲነዳው ትንሽ አቧራ ይዞ ሄደ፣ ኃይሉም ጨመረ። ቢሆንም በ2022 አቧራው አሸነፈው።

ይህን ለአያቴ ነግሬ እኔም አሸዋ ልበትንበት ስል፣ «አንተ ልጅ፣ ሶላሬን ልትቧጭርብኝ ነው?» ብላ እርጥብ ጨርቅ ወረወረችልኝ።